የማዶ ቀትር

እሑድ እሑድ ቱሉ ዲምቱ የጥየቃ ቀን ነው። አሮጌዎቹ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች የተጫዋቾች ማደሪያ ከሆኑ ወዲህ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፌስታል ያንጠለጠለ ነው፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የታሸገ ጭማቂ። የሚጠየቀው ሰው እንደማይበላው ሁሉም ያውቃል፤ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ነው የሚመገበው። ቢሆንም ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና ይዘው ይመጣሉ፤ አስታማሚዎቹም ተቀብለው ያመሰግናሉ፤ በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ብርቱካን ሲልጡ ይታያሉ። ጠያቂው በአልጋው ግራና ቀኝ ወንበር ስቦ ስለ ኑሮ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ያወራል። መሐል ላይ የተኛው ሰው መነጽሩን እንዳጠለቀ ወደ ጣሪያው ተጋድሟል። አንዳንዴ ፈገግ ይላል። ያን ጊዜ ጠያቂዎቹ ወሬያቸውን ያቆሙና ምን አይቶ ይሆን እያሉ ይተያያሉ።

ሶልያናም እንደ ሰዉ ብርቱካኗን ይዛ ነው የምትመጣው። ታናሽ ወንድሟ ሚልኪያስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተኝቷል። ሹፌር ነበር። መኪና ያለ ሹፌር በራሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሰፈር ለሰፈር ሲንገላታ ቆየና «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብሎ ገባ። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላም ክረምት አለፈ፤ እሱ ግን ማዶ እንደሆነ አለ። ማዶ በመነጽር የሚገባበት ጨዋታ ስም ነው።

የዚያን እሑድ ዶክተር ሩሐማ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ዶክተሯ ነገር ማለባበስ አትወድም።

«ልቡ ደክሟል» አለቻት። «ብዙ ተኝቶ የኖረ ልብ ነው። አሁን ቢነሣ፣ ቀስ እያለ እግሩን ቢያፍታታ፣ ይድናል። ይሄን ክረምት ደግሞ ተኝቶ ከገፋው ግን ለመስከረም ቃል አልገባልሽም።»

«መነጽሩን እኔ ባነሣለትስ?»

ዶክተሯ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወዳለው የተዘጋ ክፍል አየች። ሶልያና ያን ክፍል ታውቀዋለች። መነጽራቸው በሰው እጅ የተነሣባቸው እዚያ ናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ቢያስቀምጧቸው ይቀመጣሉ፤ ቢያጎርሷቸው ይውጣሉ። ሰው በስሙ የጠራ ግን እስከ ዛሬ ከመካከላቸው አልተገኘም። ሕጉ የወጣው እነሱ ከታዩ በኋላ ነው፤ መነጽር የሚወልቀው በገዛ እጅ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ውስጥ የገባ ሰው የውጭ እጁን አያገኘውም። እጁ የሚመለስለት ማዶ ካለው መናኸሪያ አውቶቡስ ሲሳፈር ነው። ወንበር ይይዛል፤ ጣቶቹ ሲነዝሩት ይሰማዋል፤ እጁን ያነሣና መነጽሩን ያወልቃል። ለተጫዋችም ለሠራተኛም መውጫው ያችው አውቶቡስ ናት። ሌላ የለም።

ሚልኪያስ አልሳፈርም ብሏል። ሽማግሌ ሳይቀር ተልኮበታል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች መነጽር አጥልቀው ሄዱለት። እሱም በወጉ ተቀበላቸው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ፣ ውሃ አቀረበ፣ ከሥራቸው ተቀመጠ። «ልጃችን፣ እህትህ አንጀቷ አረረ፤ ተነሥና ወደ ቤትህ ግባ» ቢሉት «እሺ አባቶቼ፣ ለመጪው ሳምንት» አላቸው። ሽማግሌዎቹም የማዶ ብርሃን ሲያርፍባቸው ጋቢያቸው ወተት መሰለ፣ ግንባራቸው ወርቅ ተቀባ፤ እርስ በርስ ሲተያዩ ይህን ያህል ግርማ እንዳላቸው ሳያውቁ ማርጀታቸው ቆጫቸው። ሁለቱ በማግስቱ ተመለሱ። ሦስተኛው፣ አቶ ተካልኝ፣ ትንሽ አረፍ ልበል ብለው ቀሩ። አሁን አራተኛ ፎቅ ተኝተዋል፤ ለሳቸውም ቤተሰባቸው እሑድ እሑድ ብርቱካን ያመጣል። ሽማግሌ ላይ ሽማግሌ ይላካል ወይ? ነገሩ በዚያው ቀረ።

ያን ብርሃን የሠራችው ደግሞ ማዶን በሚሠራው መሥሪያ ቤት የብርሃን ባለሙያ የሆነችው ራሷ ሶልያና ናት።

ማዶ አሣሣሉ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ጠርዙ በጥቁር የተሰመረ፣ ቀለሙ ድፍን፣ የሰዉ ዓይን ትልልቅ። ሠዓሊዎቹ የጥንቶቹን ደንብ አልነኩም፤ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው እርኩስ ብቻ ነው። ማዶ ላይ እርኩስ እንዲኖር ስላልተፈለገ እዚያ ማንም በጎኑ አይታይም። ጎረቤትህ ሲያርስም፣ ሲሄድም፣ ሲያስነጥስም ሁለት ዓይኑ አንተ ላይ ነው። አዲስ ገቢ መጀመሪያ ግር ይለዋል። ሲለምደው ግን ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞረበት ይመስለዋል።

ይህን ሥዕል ነው ሶልያና ብርሃን የሰጠችው። ማዶ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀምበር ዘንበል እንዳለች ናት፤ የዛፉ ጥላ ረጅም፣ አቧራው ማር፣ የእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ሞቅ ያለ። ሶልያና በሙያዋ ብዙ ዓመት ኖራ የተማረችው ትልቁ ነገር ሰው ብርሃን ወዳለበት ሄዶ ሲያበቃ «እኔ ነኝ የመረጥኩት» እንደሚል ነው። በር ላይ ጥቂት ቢጫ ጣል ካደረግህ ይገባል። ጥጉን ካደበዘዝክ ያልፈዋል። ማንም ግባ ወይም እለፍ አላለውም፤ ቢጠየቅም ይምላል።

እንግዲህ በብርሃን የገባ በብርሃን ይወጣል ብላ ወደ አለቃዋ ወደ ናሁሰናይ ሄደች። ናሁሰናይ ቁጣ የማያውቅ፣ ሲናገር ሁልጊዜ እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው።

«ሚልኪያስ ያለበትን መንደር ብርሃን ላበላሽ» አለችው። «አንድ መንደር ብቻ። ሰዉ ደስ ሳይለው ሲቀር ራሱ ይሳፈራል።»

«ጨለማ እንዳትዪኝ። ጨለማ ሞክረናል።»

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ማዶን አጨልመውት ነበር። ተጫዋቾቹ ኩራዝ ለኩሰው፣ ተሰብስበው፣ ተረት ሲያወሩ ከወትሮው የበለጠ ቆዩ። ጨለማ ሰውን አቀራረበው እንጂ አላባረረውም።

«ጨለማ አይደለም» አለች ሶልያና። «ቀትር ነው።»

ናሁሰናይ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ሙከራ ነው ብሎ ፈቀደላት።

ሶልያናና ሚልኪያስ ያደጉት ወረታ፣ አክስታቸው እማ ዝናሽ ዘንድ ነው። የወረታ ቀትር ቀላል ነገር አይደለም። ሩዝ ማሳው ላይ ያለው ውሃ ያንጸባርቃል፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይነጣል፤ ወፉ ዝም፣ ውሻው ዝም፤ ሰው የገዛ ጥላውን ይፈልግና ከእግሩ ሥር ያጣዋል። እማ ዝናሽ የምትፈራው ሌሊትን ሳይሆን ይህን ሰዓት ነበር። ቀትር ላይ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ዋርካ ሥር አይቆምም፤ ከውጭ ስሙን የሚጠራው ቢኖር «አቤት» አይልም፤ በዚያ ሰዓት የሚጣራ ሰው አይደለምና። «የሰው ድምፅ ይዘው ነው የሚመጡ፣ የሰው ነገር ይዘው ነው የሚመጡ» ትል ነበር በሩን እየቀረቀረች። ሚልኪያስ ማታ ብቻውን ደጅ የሚወጣ ደፋር ልጅ ነበር። ቀትር ሲሆን ግን አልጋ ሥር ይገባ ነበር።

ቀትርን መሥራት ከሁሉ ሥራዋ ቀላሉ ሆነ፤ ማንሣት ብቻ ነበርና። ጀምበሯን ከሰማዩ መሐል ሰቀለቻትና እንዳትነቃነቅ አደረገቻት። ጥላውን ሁሉ አነሣች፤ የዛፉን፣ የአጥሩን፣ የሰዉን። ነፋሱን አቆመች። ወፎቹን ዝም አሰኘች። ቀለሙን ቆርቆሮ እስኪመስል አነጣችው። ስትጨርስ ሀሴትን ጠራቻት። ሀሴት አብራት የምትሠራ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት፤ ለሷ ቀትር ማለት የምሳ ሰዓት ነው።

ሀሴት መነጽሩን አጥልቃ ወደ ሙከራው ሜዳ ገባች፤ እዚያ አውቶቡሱ ከጎን ነው የሚቆመው። ወዲያው ተሳፍራ ወጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ማንን ነው እዚያ ያቆምሽው፣ ሶሊ?»

«የት?»

«ሜዳው ላይ። የቆመው ሰውዬ።»

«ማንንም አላቆምኩም። ባዶ ነው።»

ሀሴት ልትሥቅ ሞከረች። «ከኋላዬ ነበር። ዞሬ አላየሁትም። ግን ነበር።»

ሶልያና ደስ አላት። ባዶ ሜዳ ላይ ሰው የሚያቆም ብርሃን የማያስወጣው ሰው የለም ብላ አሰበች። ሰኞ ጠዋት ቀትሩን ለቀቀችው።

እኩለ ቀን ላይ ከላይ ሆና መንደሩን አየችው። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ማሳው ውስጥ የለም፤ ወንዙ ዳር የለም፤ ሚልኪያስ ዘወትር የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይም የለም። «ወጡ!» ብላ ጮኸች፤ ሀሴትን አቀፈቻት፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወደ ቱሉ ዲምቱ በረረች። መንገዱን ሁሉ የወንድሟን መነሣት ነበር የምታየው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ፂሙን እያሻሸ፣ «እታለም፣ ብርቱካኑ የታለ?» ሲላት።

የዚያ መንደር ተጫዋቾች በተኙበት ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንደተጋደሙ ናቸው። ብቻ የሁሉም እጅ ደረታቸው ላይ ተሰብስቧል፤ ጉልበታቸው ወደ ሆዳቸው ታጥፏል። እድሜያቸውን በአስታማሚነት የፈጁት ጋሽ ገረመው ብርድ ልብስ ከአንዱ አልጋ ወደ አንዱ እያደሉ ነበር።

«እህቴ፣ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» አሏት። «ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ያለ የለም። እንዲህ እንደ ሕፃን ተኮራምተው ቀሩ። የበረዳቸው መስሎኝ አለበስኳቸው፤ ገላቸው ግን ይፈላል።»

ሶልያና ሚልኪያስ አጠገብ ተቀመጠች። እንዴት እንደተጋደመ ስታየው ወዲያው ገባት። አልጋ ሥር እንደሚገባው ነው የተኛው።

ቀትር ሲሆን ልጅ ከቤት ይወጣል ብሎ ያስተማራቸው ማን ነው? ግቡ ነው የተባሉት። በሩን ቀርቅሩ፣ ዝም በሉ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ዝንፍ እንዳትሉ ነው የተባሉት። መናኸሪያው ደግሞ ከሜዳው ባሻገር ነው፤ አውቶቡሱ ጋ ለመድረስ ያን የነጣ ሜዳ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሰዎቹን አስወጣለሁ ብላ ቤት ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይህ ነው። ወረታን የማያውቅ ሰው ቢሠራው ኖሮ እንዲህ አያደርገውም ነበር፤ እሷ ግን ፍርሃቱን ብቻ አስታውሳ ፈሪው ወዴት እንደሚሮጥ ረሳችው። አልቅሳ ሲበቃት እየሮጠች ወደ መሥሪያ ቤት ተመለሰች።

ናሁሰናይ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«እጅሽ ይባረክ» አላት። «ልደውልልሽ ነበር።»

«የብርሃኑን መቆጣጠሪያ ቁልፍ ስጠኝ፤ ልመልሰው ነው።»

«ለምን? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልወጣም፤ ማዶ ከተሠራ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ጭራሽ ቅሬታ ያቀረበም የለም።»

«ስለፈሩ ነው!»

«ፈርተውም ይቆዩ ወደውም ይቆዩ፣ ሪፖርቱ ላይ አንድ ነው» አለ ናሁሰናይ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ቤታቸው ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ማን ምን ሆነ? የበላዮቹ በጣም ነው የወደዱት። ለማዶ በሙሉ ሊዘረጉት ነው።»

«ወንድሜ ልቡ ደክሟል። ካልተነሣ ይሞትብኛል።»

በናሁሰናይ ፊት ላይ እውነተኛ ኀዘን ታየ። ክፉ ሰው አይደለም። «እግዜር ይማርልሽ» አላት። «ቁልፉን ግን ወስደውታል። እኔም ልክፈት ብል አይከፍትልኝም።»

ሶልያና ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ወደ ክፍሏ ገብታ መነጽሯን አነሣች። ሀሴት በሩ ላይ ቆመችባት።

«አንቺው ሠርተሽው አንቺው ልትገቢ ነው? ሜዳውን እንዴት አድርገሽ ነው የምታቋርጪው?»

«እየሮጥኩ» አለች ሶልያና። «ይዤው እመጣለሁ። እጁን ይዤ አሳፍረዋለሁ። ዕድሜ ልኩን በእጄ ነው የሄደው።»

መናኸሪያው ላይ ወረደች። አውቶቡሱ ሞተሩ እንደተነሣ፣ በሩ እንደተከፈተ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን ከሷ አልነቀለም። ከፊቷ ሜዳው ተዘርግቷል፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ። የንጣቱን ልክ ታውቀዋለች፤ ራሷ ናት የሰፈረችው። ጸጥታው ከምን እንደመጣ ታውቃለች፤ ወፎቹን ራሷ ናት ያነሣቻቸው። ግን ወጡን የሠራ ሰው በርበሬው አያቃጥለውም ያለ ማነው? ወደ አውቶቡሱ ልትመለስ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ የሚልኪያስ የታጠፈ ጉልበት ትዝ አላትና ዞራ መሮጥ ጀመረች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየችም። የገዛ ኮቴዋ እንኳ አይሰማትም ነበር።

የወንድሟ ቤት በር እንጨት ነው። ደበደበችው።

«ሚልኪ!»

ደግማ መታችው።

«ሚልኪ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈትልኝ።»

ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መቀርቀሪያው የበለጠ ሲገፋ ሰማች። ስሙን መጥራቷ ጥፋት እንደነበረ ያኔ ገባት።

«አትመልስልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አቤት አትበል። በሩን ብቻ ክፈት።»

ቆይቶ የሚልኪያስ ድምፅ መጣ፤ ለሷ የሚናገር አይመስልም፤ ለራሱ ነው የሚመስለው።

«እህቴ ቀትር ላይ አትወጣም። ከኔ ይልቅ ፈሪዋ እሷ ነበረች። አልጋ ሥር ስንገባ ግድግዳውን እሷ ይዛ እኔን በውጭ በኩል ነበር የምታስተኛኝ።»

ሶልያና በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆና ሣቋ አመለጣት። «እሱስ እውነትህን ነው። አሁንም ያሳፍረኛል።»

«ይሄንንም ታውቂያለሽ» አለ ድምፁ። «እማ ዝናሽ ብላናለች። የሰው ነገር ይዘው ነው የሚመጡ።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? የእናታቸውን ስም ብትነግረው፣ የጉልበቱን ጠባሳ ብትነግረው፣ ወረታ የለቀቁበትን ቀን ብትነግረው፣ ባወቀች ቁጥር ይበልጥ እንደሚፈራት ተረዳች። የማያውቅ ቢመጣ ኖሮ ይሻለው ነበር።

«እሺ፣ እኔን ተወኝ» አለችው። «ዶክተሯ የነገረችኝን ስማ። ልብህ ደክሟል። አውቶቡሱ ቆሟል...»

«በበሩ ሥር እያየሁ ነው» አለ ሚልኪያስ። «የቆመ ሰው እግሩ ጥላ ይጥላል። አንቺ የለሽም።»

ሶልያና ወደ እግሯ አየች። ብርሃኑ ከጫማዋ ሥር ሳይቋረጥ አልፎ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ የቆመ ሰው ያለ አይመስልም። በገዛ እጇ ነው ያነሣችው። ይህን ደግሞ ለወንድሟ እንዴት አድርጋ ትነግረዋለች? ጥላዬን ለአንተው ብዬ ነው ያጠፋሁት ትበለው? ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ሀሴት ያለችው ትዝ ሲላት፣ ሳትፈልግ፣ ወደ ሜዳው ዞረች።

ሜዳው መሐል ሰው ቆሟል።

በጎኑ ነው የቆመው። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የማዶን ሠዓሊዎች ሁሉ በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ሰው ሥለው አያውቁም። ሥዕል ነው፣ ስህተት ነው አለች ለራሷ። ፊቱን ለማየት ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። አሁንም በጎኑ ነው። ወደ ቀኝ ሄደች። አሁንም በጎኑ ነው፤ አሁንም ያው አንድ ዓይን ነው። አልተንቀሳቀሰም፣ አልዞረም፤ ግን ከየትም ብታየው ሌላኛው ዓይኑ የለም።

ሶልያና ሙያዋን ረሳች። ዶክተሯን፣ አውቶቡሱን፣ የመጣችበትን ጉዳይ ረሳች። ሁለት እጇን ጨብጣ በሩን ትደበድበው ጀመር።

«ክፈትልኝ! ሚልኪዬ ክፈትልኝ! ሊይዘኝ ነው! በእናትህ አምላክ፣ ክፈትልኝ!»

ከልጅነቷ ወዲህ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማች። እጅ ክንዷን ያዘና ወደ ውስጥ ጎተታት፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

ውስጡ ጨለምለም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። ሚልኪያስ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ ያያታል።

«አሁን ነው ያመንኩት» አለ። «እነሱ አይፈሩም።»

ተቃቀፉ። ሶልያና አንገቱ ሥር ተደፍታ አለቀሰች፤ እሱም ጀርባዋን መታ መታ ያደርግላት ነበር። ልቅሶዋ ጋብ ሲልላት ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ልቡ፣ ስለ ዶክተሯ፣ እሷ ስለሠራችው ብርሃን፣ ስለ ተወሰደው ቁልፍ። እሱ ብርሃንና ቁልፍ የምትለውን ያዳመጠ አይመስልም። «ልብህ» ስትለው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም ይታወቀኛል» አላት። «አንዳንዴ ቁጭ ብዬ ሳለ ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል። እሄዳለሁ፣ እታለም። አንቺ እዚህ ድረስ ከመጣሽ አልቀርም።»

ይህን ለመስማት ነበር ስንት እሑድ የተመላለሰችው። እጁን ያዘችው። «በል ተነሥ፤ አሁኑኑ። እጄን አትልቀቀኝ፤ ሮጠን ነው የምናቋርጠው።»

«አሁንማ አይሆንም» አለ ሚልኪያስ፤ በእርጋታ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው። «ጀምበር ታዘቅዝቅና እንሄዳለን።»

ሶልያና እጁን ሳትለቅ ወደ በሩ ተራመደች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች። በበሩ ሥር ነጩ ብርሃን እንደ ክር ተዘርግቷል። ክሩ መሐል ላይ ጠቆር ያሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የቆመ ሰው እግር ያህል፣ ጎን ለጎን። ጥላ በሌለበት አገር ጥላ የጣለ ነገር ደጃፉ ላይ ቆሟል።

እጇን ከመቀርቀሪያው አነሣች። አንድ ሁለት ጊዜ መልሳ ልታሳርፈው ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ሚልኪያስ ምንም አልጠየቃትም፤ ወደ አልጋው መለሳትና ጎን ለጎን ተጋደሙ። ከውጭ ምንም አይሰማም። እጇ ደረቱ ላይ እንዳረፈ ልቡ አንዴ ሲመታ፣ ሲቆይ፣ ደግሞ ሲመታ ይሰማታል።

«ለማዘቅዘቅ ብዙ ይቀራታል?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

ያችን ጀምበር ከሶልያና በላይ የሚያውቃት የለም። ከሰማዩ መሐል የሰቀለቻት እሷ ናት፤ እንዳትነቃነቅ አድርጋ ነው የሰቀለቻት። ወንድሟን ጠጋ አለችው።

«ትንሽ ነው» አለችው። «ትንሽ ነው የቀራት። ተኛ።»